«አፑን አጥፉ፣ ልጁን ቅጡ» ላሉን ጸሐፊ፦ ችግሩ ቁልፉ ላይ አይደለም

ሰሞኑን በወላጆች ግሩፖች ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ለእኔም ከተለያየ ሰው ደረሰኝ። ስለ ልጆችና ስለ «ሚስጥራዊ» የመልእክት አፖች ነው። ላላነበባችሁት ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ ልጃችሁ መልእክቱ የተቆለፈ አፕ ከተጠቀመ የሚደብቃችሁ ነገር አለ። ከሁሉም የባሰው ቴሌግራም ነው፤ ማንም ሊያየው አይችልም። ስለዚህ ልጁ ሳያውቅ ስልኩ ላይ መከታተያ ጫኑበት። ካልሆነም እስከ 18 ዓመቱ አፖቹን በሙሉ አጥፉ። መጥፎ ነገር ካገኛችሁ ደግሞ ወዲያው ዲሊት አድርጉና ልጁን የማይረሳው ቅጣት ቅጡት።

ጸሐፊውን ያሳሰባቸው ነገር እኔንም ያሳስበኛል። ስልክ የያዘ ልጅ ያለው ሰው ሁሉ በሩ ሲዘጋና ስክሪኑ ቶሎ ሲገለበጥ ሆዱ ይባባል። ምክሮቻቸው ግን ልጁን አይጠብቁም። አንዳንዱማ ልጁን ሊያጠምደው ለሚፈልግ ሰው ነው የሚያግዘው። ለዚህ ነው ነጥብ በነጥብ መልስ ለመስጠት የተነሳሁት።

«የሚደብቀው ነገር ያለው ብቻ ነው የተቆለፈ አፕ የሚጠቀመው» ከሚለው ልጀምር። ዋትስአፕ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ እያንዳንዱን የግል መልእክትና ጥሪ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይቆልፋል። ተጠቃሚው ምንም ሳይነካ፣ በራሱ። ፌስቡክ መሴንጀርም ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ የግል መልእክቶችን እንደዚያው ማድረግ ጀምሯል። እንግዲህ ከጅዳ ለእናቷ ድምፅ የምትልከው እህታችን፣ ለቅሶ የሚያስተባብረው የእድር ግሩፕ፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱ መዘምራን፣ ሁሉም በተቆለፈ አፕ ነው የሚያወሩት። ምን ደበቁ? ልጁም አፑን የጫነው ቁልፉን ፈልጎ አይደለም። ጓደኞቹ እዚያ ስላሉ ነው።

መቆለፍ ሲባል ምን እንደሆነ ጽሑፉ አላብራራም፣ ስለዚህ እኔ ልሞክር። መልእክቱ ከላኪው ስልክ ሲወጣ ይቆለፋል፤ የሚከፈተው ተቀባዩ ስልክ ላይ ብቻ ነው። መሃል ሆኖ የሚያመላልሰው ኩባንያ ይዘቱን ማንበብ አይችልም። ዋይፋይ የሰጣችሁ ካፌም አይችልም፣ የኩባንያውን ሰርቨር፣ ማለትም መረጃ የሚያስቀምጥበትን ኮምፒዩተር፣ ሰብሮ የገባ ሌባም አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2021 የአሜሪካ ዓቃቤ ሕግ ሲግናል የተባለውን አፕ ስለ አንዳንድ ተጠቃሚዎች መረጃ አምጣ ብሎት ነበር። ኩባንያው የሰጠው አካውንቱ መቼ እንደተከፈተና ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደተገናኘ ብቻ ነው፣ ሌላ ነገር በእጁ የለማ። ጸሐፊው ይህን ቢሰሙ «ይኸው፣ ለወንጀለኛ የተሠራ ነው» ይሉ ይሆናል። ግን በ2024 መጨረሻ፣ ከቻይና የተነሱ ሀከሮች የአሜሪካ ቴሌኮሞች ውስጥ መግባታቸው ሲታወቅ፣ የኤፍ ቢ አይና የአገሪቱ የሳይበር ደህንነት መሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ለሕዝቡ የሰጡት ምክር ምን ነበር? በተቻለ መጠን የተቆለፈ መልእክት ተጠቀሙ የሚል ነው።

ወደ ቤታችን እናምጣው። ልጃችሁ ሰውነቱ ላይ የወጣውን ሽፍታ ፎቶ አንስቶ ይልክላችኋል። ከትምህርት ቤት ስንት ሰዓት እንደሚወጣና በየት በኩል እንደሚመጣ ይጽፍላችኋል። ይህ መልእክት ሌላ ሰው ሊያነበው የሚችል ቢሆን ደስ ይላችኋል? እኔን አይለኝም።

ቁልፉ የማያደርገው ነገርም አለ፣ ጽሑፉ ማንሳት የነበረበት ይህን ነበር። ቁልፉ መንገድ ላይ ካለ ሰው ይጠብቃል እንጂ ከወዲያኛው ጫፍ ካለው ሰው አይጠብቅም። ተቀባዩ ስክሪንሾት ያነሳል። አንዴ ታይቶ የሚጠፋውን ፎቶ በሌላ ስልክ ካሜራ ይቀርጸዋል። ልጆች ደግሞ «ይጠፋል» ሲባሉ የምር ይጠፋል ብለው ያምናሉ። ከልጃችሁ ጋር ስለ አፕ አንድ ነገር ብቻ የምታወሩ ቢሆን ይህን አውሩ።

ፖሊሶችና የሕፃናት መብት ተከራካሪዎች ቁልፉን የሚቃወሙበት ምክንያትም አላቸው፣ ተራ ክርክር አይደለም። ኩባንያው ካላየ የሕፃናት ጥቃት ምስል የሚለዋወጡትንም አያይም። አፕል በ2021 ወደ አይክላውድ፣ የኢንተርኔት ማከማቻው፣ የሚጫኑ ፎቶዎችን የሚፈትሽ ዘዴ ላመጣ ነው ብሎ፣ ተቃውሞ ሲበዛበት በ2022 መጨረሻ ተወው። አውሮፓ አሁንም እየተሟገተበት ነው። ለወላጅ ግን ከዚህ የሚወጣው ነገር ሌላ ነው፦ ኩባንያው ካላየ፣ ማየትና መናገር የሚችለው ልጁ ራሱ ነው ማለት ነው። ዋትስአፕ ላይ አንድን ሰው ሪፖርት ስታደርጉ ያ ሰው የላከላችሁ የመጨረሻዎቹ 5 መልእክቶች ለኩባንያው ይደርሳሉ። ሪፖርት የምትለዋን የሚነካት ልጁ ነው። ልጁ ዝም ካለ ሁሉም ዝም አለ።

አሁን ወደ ቴሌግራም። ጸሐፊው «ከሁሉም የተቆለፈ» ብለውታል። ይህ ስህተት ነው፣ እውነቱ ግልባጩ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ከሁሉም በላይ ያስደነገጠኝም ይህ ነው፣ ምክንያቱም ወላጅን በማያስፈራው ነገር አስፈርቶ የሚያስፈራውን ነገር ያስረሳዋል።

ቴሌግራም ላይ የምናደርገው ተራ ቻት ከጫፍ እስከ ጫፍ የተቆለፈ አይደለም። የኩባንያው ሰርቨር ላይ ነው የሚቀመጠው። ለዚህ እኮ ነው ስልክ ቀይራችሁ ስትገቡ የድሮው ሁሉ ተመልሶ የሚመጣው። ከመልእክቶቹ በዚያ መንገድ የሚቆለፈው «ሲክሬት ቻት» የሚባለው ብቻ ነው፣ እሱንም ሰውዬው ራሱ ፈልጎ መክፈት አለበት፣ ለሁለት ሰው ብቻ ነው የሚሠራው። ግሩፕና ቻናል በጭራሽ እንደዚያ አይቆለፉም። መሥራቹ ፓቬል ዱሮቭ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2024 ፈረንሳይ ውስጥ ሲያዝ ከቀረቡበት ክሶች አንዱ የሕፃናት ጥቃት ምስሎች በመድረኩ ሲሰራጩ ተባባሪ ሆኗል የሚል ነበር። በቀጣዩ ወር ኩባንያው ሕጋዊ ጥያቄ ሲመጣለት ደንብ የጣሱ ሰዎችን ስልክ ቁጥርና አይፒ አድራሻ ለባለሥልጣናት እንደሚሰጥ አስታወቀ። «ማንም ሊያየው አይችልም» የሚለው አይሠራም።

ታዲያ ቴሌግራም ለልጅ አያሰጋም ወይ? ያሰጋል! የሚያሰጋው ግን ተቆልፎ ሳይሆን ተከፍቶ ነው። ግሩፑ እስከ 200,000 ሰው ይይዛል። ቻናል ማንም ይከፍታል። ቦቱ፣ ማለትም ሰው መስሎ በራሱ የሚመልሰው ፕሮግራም፣ አይቆጠርም። በ2016 ዓ.ም. ሃምስተር ኮምባት የሚባለው የቴሌግራም ጨዋታ ሲመጣ አስታውሱ፣ ልጅ አዋቂው ስልኩን ሲጠነቁል ይውል ነበር። ከዚያ ጋር ተያይዞ «ኤርድሮፕ (በነፃ የሚታደል ዲጂታል ሳንቲም) እናስወጣላችሁ» የሚሉ ግሩፖች እንደ አሸን ፈሉ፣ ልጆችም ተግተልትለው ገቡ።

አንዱን ጠጋ ብዬ ላሳያችሁ። የእህቴ ልጅ ሰባተኛ ክፍል ናት። ቴሌግራም የተከፈተላት ትምህርት ቤቱ የቤት ሥራውን በዚያ ስለሚልክ ነው። አንድ ቀን እራት ላይ ስልኳን ተቀብለን ስናይ እሷ ያልገባችባቸው ግሩፖች ውስጥ አለች። አንዱ የውርርድ ነው፣ አንዱ ስሙን እዚህ የማልጽፈው ነው። «ማን አስገባሽ?» ስንላት «እኔ እንጃ፣ ዝም ብሎ መጣ» አለች። እውነቷን ነው። አንድ ሰው ከመቶ ሰው በላይ ካለበት ከክፍላቸው ግሩፕ ላይ የልጆቹን አካውንት እየለቀመ አስገብቷቸዋል። ማስገባት የቻለውም ሴቲንጉ ስላልተነካ ነው። ቴሌግራም ገና ሲጫን ማንም ሰው ግሩፕ ውስጥ እንዲጨምራችሁ ክፍት ሆኖ ነው የሚመጣው።

የሠራነው ይህን ነው፦ ሴቲንግ ገብተን «ፕራይቫሲ ኤንድ ሴኩሪቲ» የሚለውን ከፈትን። ስልክ ቁጥሯን ማን ያያል የሚለውን «ኖባዲ» አደረግነው። ግሩፕና ቻናል ውስጥ ማን ያስገባታል፣ ማን ይደውልላታል፣ የፕሮፋይል ፎቶዋን ማን ያያል የሚሉትን «ማይ ኮንታክትስ» ላይ አቆምናቸው። ከዚያ «ዲቫይስስ» የሚለውን አየን፣ አካውንቷ ሌላ ሰው ስልክ ላይ ተከፍቶ እንዳይሆን። በመጨረሻ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አበራንና የይለፍ ቃሉን እናቷ ያዘች። ለማንም፣ ለጓደኛም ቢሆን፣ በቴክስት የሚመጣ ኮድ እንደማይሰጥ ነገርናት። «ልጄ ውድድር ላይ ነች፣ ድምፅ ስጧት» የሚለው ሊንክ ስንቱን ትልቅ ሰው እንደበላ ታውቃላችሁ፤ አካውንቱን ይወስዱና በእሱ ስም ከዘመድ ወዳጅ ብር ይጠይቃሉ። ይህ ሁሉ ያለቀው ሻይ ሳይቀርብ ነው። ልጅቷም አብራን ነበረች፣ ጣቷ ከእኛ ይፈጥናል። ዋትስአፕ ላይም ግሩፕ ውስጥ ማን ያስገባኛል የሚለውንና ያልታወቀ ሰው ጥሪን ዝም የሚያሰኘውን እንደዚሁ ታገኛላችሁ።

ሦስተኛው «ልጁ ሳያውቅ መከታተያ ጫኑ» የሚለው ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊውን አጥብቄ እቃወማለሁ። እነዚህ በድብቅ የሚጫኑ አፖች እንዲሠሩ ብዙ ጊዜ የስልኩን መከላከያ አጥፉ ይሏችኋል። ከዚያ የልጃችሁን ቻት፣ ፎቶና ያለበትን ቦታ ሰብስበው ወደማታውቁት ኩባንያ ሰርቨር ይልካሉ። ኤምስፓይ የሚባለው ታዋቂው አፕ እ.ኤ.አ. በ2015፣ በ2018 እና በ2024 መረጃ አፈትልኮበታል። ሌትሚስፓይ የሚባለው በ2023 ተሰብሮ፣ መረጃው ተዘርፎ፣ እስከነጭራሹ ተዘጋ። የልጁን ሚስጥር ከባዕድ እንጠብቅ ብለን ለባዕድ በጅምላ ማስረከብ ማለት ነው። በዚያ ላይ የሚነበበው የእናንተ ልጅ ብቻ አይደለም። ቤቷ ያለውን ችግር ለልጃችሁ ያጫወተችው የሌላ ሰው ልጅም አብራ ትነበባለች፣ ማንም ሳያስፈቅዳት።

ደግሞ ይታወቃል። ልጆች ስልክ ያውቃሉ፤ ባትሪው ለምን ቶሎ እንደሚያልቅ ይጠይቃሉ፣ ያገኙታል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ግልጽ ነው፣ የጓደኛ ስልክ ላይ ሁለተኛ አካውንት ይከፈታል። እናንተ ባዶውን ስልክ ስትጠብቁ ትከርማላችሁ።

ምንም አትቆጣጠሩ እያልኩ እንዳልሆነ ግን ይታወቅልኝ። የ9 ዓመት ልጅና የ16 ዓመት ልጅ አንድ አይደሉም። ለትንሹ ልጅ ስልኩ የቤት ነው፣ ሳሎን ውስጥ ነው የሚያዘው፣ ማታ እናት ወይም አባት ጋ ነው የሚያድረው፣ አብሮ ይታያል፣ ይህንንም ገና ስልኩን ሲቀበል ያውቃል። ጎግል ፋሚሊ ሊንክ የሚባለው በግልጽ የሚጫን ነው፤ የሚጫነውን አፕ ታጸድቃላችሁ፣ ሰዓት ትወስናላችሁ፣ መልእክት ግን አያስነብብም። ለእኔ ልኩ እሱ ነው። ልጁ እያደገ ሲሄድ ማየቱ ይቀንስና መጠየቁ ይበዛል። «ዛሬ ግሩፑ ላይ ምን አዲስ ነገር አለ?» ብሎ የሚጀምር ወላጅ፣ ሌሊት ተነስቶ ስልክ ከሚበረብር ወላጅ የበለጠ ነገር ይሰማል።

«እስከ 18 ዓመት አጥፉ» ስለሚለው ብዙ አልልም። ዋትስአፕ ራሱ የዕድሜ ወለሉን 13 አድርጎታል፣ ከዚያ በታች ላለ ልጅ የራሱን አካውንት አልከፍትም ብትሉ እኔም ከእናንተ ጋር ነኝ። ለአሥራዎቹ ልጆች ግን እስቲ ይሞከር። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ዎርክሺቱ ወደ ቴሌግራም ገባ፣ ብዙ ትምህርት ቤት ከዚያ አልወጣም። ልጅቷ ቴሌግራም ከሌላት የቤት ሥራዋን ከማን ትቀበል? የካቲት 2015 ዓ.ም. መንግሥት ቴሌግራምን፣ ፌስቡክን፣ ዩቲዩብንና ቲክቶክን ለወራት ሲዘጋ ደግሞ ልጆቻችን ምን እንዳደረጉ ሁላችንም አይተናል። ቪፒኤን አወረዱ። ለእኛም ያወረዱልን እነሱ ናቸው። አገር የዘጋውን የከፈተ ልጅ እናት ያጠፋችውን አፕ መልሶ አይጭንም?

ጸሐፊው ያላሰቧቸው ቤተሰቦችም አሉ። ደሴ ወይም ጅማ አያቱ ጋ የሚያድግ፣ እናቱ ቤይሩት ወይም ዱባይ በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ስንት አለ! ኤምሬትስ ውስጥ የዋትስአፕ ጥሪ ስለማይሠራ ቦቲም በሚባል አፕ ነው የሚገናኙት። ማዳም ከተኛች በኋላ፣ በምትሰርቃት ጥቂት ደቂቃ፣ ልጇ ጥርሱን መንቀሉን የምታየው በዚያች አፕ ነው። ለዚህ ቤተሰብ «አፑን አጥፉ» ማለት «እናቱን አጥፉ» ማለት ነው።

አሁን የመጨረሻው ምክር፣ «ወዲያው ዲሊት አድርጉና ቅጡት» የሚለው። ይህ ምክር ልጅ ሊያስገድል ይችላል፣ ቃሉን አስቤበት ነው የጻፍኩት።

ኤፍ ቢ አይ ደጋግሞ ያስጠነቀቀበት አንድ የማጥመጃ ዓይነት አለ፣ በብዛት የሚፈልጋቸው ከ14 እስከ 17 ዓመት ያሉ ወንዶችን ነው። አካሄዱ እንዲህ ነው። ኢንስታግራም ላይ አንዲት ቆንጆ ልጅ ሰላም ትላለች። ትንሽ ይጫወታሉ። «እዚህ አይመቸኝም፣ ወደ ዋትስአፕ እንሂድ» ትላለች። መጀመሪያ እሷ ፎቶ ትልካለች፣ ከኢንተርኔት የተሰረቀ ነው። «ያንተስ?» ልጁ ይልካል። በዚያው ቅጽበት ቋንቋው ይለወጣል። ልጅቷ የለችም፣ ያለው ገንዘብ የሚፈልግ ሰው ነው። የልጁን የተከታዮች ዝርዝር ስክሪንሾት ይልክለታል፣ የእናቱን ስም፣ የአክስቱን፣ የክፍል ጓደኞቹን። «በአንድ ሰዓት ውስጥ ካልላክህ ለሁሉም ይደርሳል።» አሜሪካ ውስጥ በዚህ የተነሳ ራሳቸውን ያጠፉ ልጆች አሉ፣ አንዳንዶቹ ማስፈራሪያው በተጀመረ በሰዓታት ውስጥ። ሜሪላንድም ሆነ አዲስ አበባ፣ ልጁ ስልክና ኢንስታግራም ካለው ይደርሰዋል።

ያን ሌሊት ያ ልጅ አልጋው ላይ ሆኖ የሚያስበው አንድ ነገር ነው፦ «አባቴ ቢያውቅ ይገድለኛል።» አጥማጁም የሚሠራበት ይህንኑ ፍርሃት ነው። ቤት ውስጥ የማይረሳ ቅጣት እንደሚጠብቀው የሚያውቅ ልጅ አባቱን አይቀሰቅስም። ከእናቱ ቦርሳ ብር ወስዶ ይልካል እንጂ። ከላከ ደግሞ ይብስበታል፣ አንዴ የከፈለ ሰው ደግሞ እንደሚከፍል ያውቃሉ።

ዲሊት ማድረጉም እንደዚያው ነው። ማስረጃው ያ ቻት ነው። ቴሌግራም ላይ ደግሞ አጥማጁ ራሱ የጻፈውን ሁሉ ከሁለቱም ስልክ ማጥፋት ይችላል፣ ዩዘርኔሙንም በደቂቃ ይቀይራል። ስለዚህ ልጃችሁ እንዲህ ያለ ነገር ይዞ ከመጣ መጀመሪያ ስለመጣ አመስግኑት፣ «አይዞህ፣ አንተ ላይ የተሠራ ወንጀል ነው» በሉት። ከዚያ ማስፈራሪያውን፣ ስሙን፣ ዩዘርኔሙን፣ ቁጥሩ የሚታይ ከሆነ ቁጥሩን፣ ብር ላክ የተባለበትን አካውንት ስክሪንሾት አንሱ። አፑ ስክሪንሾት ከከለከለ በሌላ ስልክ አንሱት። የልጁን ፎቶ ግን ለአጎትም ለአክስትም እንዳትልኩ፣ ለማሳየትም ቢሆን። አትክፈሉ። ሪፖርት አድርጉ፣ ከዚያ ብሎክ። ሁለቱንም ከማድረጋችሁ በፊት ማስረጃው እጃችሁ ይግባ። ለፖሊስም አመልክቱ። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 12 ለአካለ መጠን ባልደረሱ ልጆች ላይ በኮምፒዩተር የሚፈጸም የወሲብ ጥፋትን ለብቻው በወንጀል ይቀጣል፣ አንቀጽ 13 ደግሞ ማስፈራራትን። ሕጉ አለ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ወላጅ ስለማያውቀው። የአሜሪካው የጠፉና ጥቃት የደረሰባቸው ሕፃናት ብሔራዊ ማዕከል «ቴክ ኢት ዳውን» የሚባል ነፃ አገልግሎት አለው፣ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ። ከ18 ዓመት በታች እያለ የተነሳ እርቃን ፎቶ ያለበት ማንኛውም ሰው፣ የትም አገር ቢሆን፣ ይጠቀምበታል። ፎቶው ከስልኩ አይወጣም። ከፎቶው ላይ አንድ ዲጂታል አሻራ ብቻ ይወጣና ለእነ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ቲክቶክ ይሰጣል፣ ፎቶው እዚያ ከተለጠፈ ለይተው እንዲያነሱት። የተቆለፉ ቻቶች ውስጥ ግን አይገባም፣ ለዚህ ነው ቀድሞ መናገሩ የሚሻለው።

«በእኛ ጊዜ ከወላጅ የሚደበቅ ነገር አልነበረም» የምትለዋን የጽሑፉን መስመር አልፋታለሁ። በደብተር መሃል የተላከ ደብዳቤ ያልደበቀ ሰው ካለ እጁን ያውጣ።

ጸሐፊውን አንድ ነገር ልለምን። ጽሑፉ አሁንም እየተዘዋወረ ነው፣ ትናንትም አንዲት እናት ልካልኛለች። ሌላውን ባንስማማበትም ግድ የለም። ቴሌግራም የተቆለፈ ነው የምትለውንና «ወዲያው ዲሊት አድርጉ» የምትለውን፣ እነዚህን ሁለቱን፣ እባክዎ አስተካክለው እንደገና ይላኩት። የመጀመሪያውን የተቀበሉት ሰዎች ሁለተኛውንም ያነቡታል።